ከቴሌቪዥን ጀርባ ምስሉን የሚከተል መብራት አሠራር፦ ሃይፐሪዮንና ደብሊውሌድ

ኳስ ሲታይ ግድግዳውን አረንጓዴ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ብርቱካናማ የሚያደርገውን የቴሌቪዥን ጀርባ መብራት ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 አምቢላይት ብሎ በራሱ ቴሌቪዥኖች ላይ አወጣው። ዛሬ በሁለት ነጻ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ሌላ ቴሌቪዥን ላይም ይሠራል። ሃይፐሪዮን ምስሉን እየተቀበለ የየጠርዙን ቀለም ያሰላል። ደብሊውሌድ ደግሞ የክብሪት ቀፎ በምታህል ኢኤስፒ32 ቦርድ ላይ ተጭኖ እያንዳንዱን አምፖል ያዛል።

ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ፕሮግራሙ ነው። ሰው የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው፦ ምስሉን መያዝ በማይቻልበት መንገድ ሲጀምር፣ ኤሌክትሪኩን ሲያሳንስ፣ አምፖሎቹን ሳይቆጥር ሲለጥፍ። ስለዚህ ሰፋ ያለው ማብራሪያ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ምስሉ ከየት ነው የሚመጣው?

ሃይፐሪዮን ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው በኬብል የደረሰውን ብቻ ነው። ከዲሽ ሪሲቨር፣ ከጌም ማሽን፣ ከኮምፒውተር ወይም በውጭ ከሚሰካ የአንድሮይድ ሳጥን በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ምስል ቴሌቪዥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ስፕሊተር በሚባል ማከፋፈያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ሌላው ምስሉን ወደሚይዘው መሣሪያ፣ ወደ ግራበር፣ ከግራበሩም በዩኤስቢ ሃይፐሪዮን ወደሚሠራባት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ወደ ራስፕቤሪ ፓይ ይገባል። ስማርት ቴሌቪዥኑ ውስጥ በተጫነ ዩቲዩብ የምታዩት ግን በየትኛውም ኬብል ስለማያልፍ መብራቱ ምንም አይደርሰውም። ቤታችሁ በብዛት የሚታየው ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ከሆነ መጀመሪያ የውጭ ሳጥን ግዙ። ያንን ካልፈለጋችሁ ይህን ሥራ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሌላው ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው። በክፍያ የሚታዩ የፊልም አገልግሎቶች ምስል በዚህ ስለሚጠበቅ ግራበሩ ጋ ጥቁር ሆኖ ይደርሳል፤ መብራቱም ይጠፋል። ይህ የሃይፐሪዮን ብልሽት አይደለም፤ ሴቲንግ በመነካካትም አይፈታም። በነጻ የሚተላለፉ የሳተላይት ጣቢያዎች፣ የራሳችሁ ቪዲዮዎች እና አብዛኞቹ ጌሞች ግን እንደልብ ይሠራሉ።

ሪሲቨርም ጌም ማሽንም ካላችሁ ሁለቱን በኤችዲኤምአይ ስዊች አንድ ላይ አምጡና ከስዊቹ ወደ ስፕሊተሩ አስገቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ የምትጠቀሙት መግቢያ ያኔ አንድ ብቻ ይሆናል።

ዕቃዎች፣ ለ55 ኢንች ቴሌቪዥን

- ደብሊውኤስ2812ቢ ስትሪፕ (አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ)፣ 5 ቮልት፣ በሜትር 60 አምፖል፣ 5 ሜትር ጥቅል
- ፓወር ሰፕላይ፣ 5 ቮልት 10 አምፒር
- ኢኤስፒ32 ቦርድ
- 74ኤኤችሲቲ125 ቺፕ፣ አንድ 330 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (10 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ)
- ራስፕቤሪ ፓይ 3 ወይም 4 ከራሱ ቻርጀር ጋር (ለ3 ቢያንስ 2.5 አምፒር፣ ለ4 ደግሞ 3 አምፒር)፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ
- አንድ መግቢያ ሁለት መውጫ ያለው ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር፣ ሦስት ኤችዲኤምአይ ኬብል
- የዩኤስቢ ግራበር፤ ኤምኤስ2109 ቺፕ ያለበት ርካሹ ይበቃል
- 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀይና ጥቁር፣ ለዳታ ደግሞ ቀጭን ገመድ

ስትሪፑን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው ባለ ሪሞቱ፣ አራት ገመድ ያለው 12 ቮልት ስትሪፕ ነው። እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያበራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የምትፈልጉት በየመቁረጫው ላይ ሦስት የመዳብ ነጥብ ብቻ ያለውን ነው፦ 5 ቮልት፣ ዳታ እና ግራውንድ (ኔጋቲቩ)። ደብሊውኤስ2811 የሚባለው ባለ 12 ቮልትም በብዛት ሦስት ሦስት አምፖል አንድ ላይ ስለሚያዝ ቀለሙ ሻካራ ይሆናል።

ቆጠራ እና ኃይል

የ55 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 122 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስትሪፑ ግን ጠርዙ ላይ አይለጠፍም። ከየጠርዙ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ አምፖሉ ራሱ ከጎን አይታይም፤ የሚታየው ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ የምትለጥፉበት አራት ማዕዘን 114 በ61 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። በሜትር 60 ሲሆን አንድ አምፖል 1.67 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፦ ላይ 68፣ ታች 68፣ በየጎኑ 36፣ ድምሩ 208።

አሁን ኃይሉ። አንድ አምፖል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው እኩል ሙሉ ሲበሩ እስከ 60 ሚሊ አምፒር ይስባል። 208 ሲባዛ በ60 ከ12 አምፒር ያልፋል። ይህ ግን ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ብቻ የሚመጣ ነው። የተለመደው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይስባል። ለዚህ ነው 10 አምፒር ሰፕላይ ገዝቶ ደብሊውሌድ ውስጥ ጣሪያውን 8000 ሚሊ አምፒር ላይ ማሰር የሚበቃው። ፕሮግራሙ ሊያልፍ ሲል ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል፤ ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያየውም። የስልክ ቻርጀር ወይም የቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ቴሌቪዥናችሁ ከግድግዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ በሜትር 30 የሆነው ስትሪፕም ያምራል፤ ቁጥሩም ኃይሉም በግማሽ ይቀንሳል። ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የተሰቀለ ከሆነ ግን 60ውን ያዙ። አለበለዚያ ነጠብጣብ ይታያል።

መቁረጥ፣ መበየድ፣ መለጠፍ

ስትሪፑን በአራት ቦታ ቁረጡ፦ 36፣ 68፣ 36፣ 68። መቁረጫው የመዳብ ነጥቦቹ መሃል የተሰመረው መስመር ላይ ነው። እኩል ከተቆረጠ ግማሹ መዳብ በአንዱ ጫፍ፣ ግማሹ በሌላው ይቀራል፤ ሁለቱም ወገን ይበየዳል። ማዕዘን ላይ ስትሪፑን አታጥፉት። ከታጠፈ የውስጡ ቀጭን መዳብ ወዲያው ባይሆንም ከሳምንታት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በምትኩ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሦስት ገመዶች በየማዕዘኑ በይዱ። መጀመሪያ መዳቡንም የገመዱን ጫፍም ለየብቻ ሊድ አስነኩ። ከዚያ ገመዱን አስቀምጡና ካውያውን ለሁለት ሰከንድ ብቻ አስነክታችሁ አንሱ። ከዚያ በላይ ከቆየ መዳቡ ከስትሪፑ ተላቅቆ ይነሳል።

ስትሪፑ ላይ ቀስት አለ። ዳታ የሚሄደው በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ አራቱም ቁራጭ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ መዞር አለበት። አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ ከእሱ ጀምሮ ምንም አይበራም።

በዚህ መመሪያ መነሻው፣ ፊት ለፊት ሆኖ ሲታይ፣ ከታች በግራ በኩል ያለው ማዕዘን ነው። ከዚያ በግራ ጎን ወደ ላይ፣ ላይኛውን አቋርጦ፣ በቀኝ ወርዶ፣ በታች ተመልሶ መነሻው ጋ ይዘጋል። ልብ በሉ፦ ቴሌቪዥኑን ገልብጣችሁ ከጀርባ ስትሠሩ ያ ማዕዘን በቀኛችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ከመለጠፋችሁ በፊት ጀርባው ላይ በወረቀት ቴፕ «መነሻ» ብላችሁ ጻፉ።

ዙሪያው መነሻው ላይ መዘጋቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ኃይል ስትሪፑ ውስጥ በሄደ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚደክመው ሰማያዊው ስለሆነ ነጩ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ያደላል። መድኃኒቱ ኃይሉን ከአንድ ቦታ በላይ ማስገባት ነው። መነሻና መጨረሻ አንድ ማዕዘን ላይ ስለሚገናኙ ከሰፕላዩ የሚመጣውን ቀይና ጥቁር ገመድ ለሁለቱም ጫፍ እዚያው ትበይዳላችሁ። ሦስተኛ ጥንድ ገመድ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ማለትም 104ኛው አምፖል ጋ፣ ውሰዱ። ዳታ ግን የሚገባው መነሻው ላይ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ዳታ ከመነሻው ጋር አይገናኝም።

አሁን ቺፑ። ኢኤስፒ32 ዳታውን የሚልከው በ3.3 ቮልት ነው። ስትሪፑ በ5 ቮልት ሲሠራ «አለ» ብሎ የሚቀበለው ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ነው። ቺፑ ዳታውን ወደ 5 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ያለ ቺፕ አንዳንዴ ይሠራል፤ ሲሞቅ ወይም ገመዱ ሲረዝም ግን መወራጨት ይጀምራል። የ74ኤኤችሲቲ125 ጫፍ ላይ ያለውን የጎደጎደ ምልክት ወደ ግራ አድርጋችሁ ከታች ከግራ ስትቆጥሩ፦ እግር 1 ወደ ግራውንድ፣ እግር 2 ከኢኤስፒ32 ጂፒአይኦ 16 (ቦርዱ ላይ 16 የሚለው እግር)፣ እግር 3 በ330 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ስትሪፑ ዳታ፣ እግር 7 ወደ ግራውንድ፣ እግር 14 ወደ 5 ቮልት። ሥራ የሌላቸውን መግቢያዎች 4፣ 5፣ 9፣ 10፣ 12 እና 13 ግራውንድ አድርጉ። እግር 1 ከተረሳ ቺፑ ዝም ይላል። ካፓሲተሩን መነሻው ላይ ቀይና ጥቁሩ መሃል አስገቡ፤ ነጭ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቩ ነው፣ ከተገለበጠ ይፈነዳል። ኢኤስፒ32 ራሱ ኃይሉን በ5 ቮልት እግሩ ከዚያው ሰፕላይ ያገኛል፤ የኢኤስፒ32 ግራውንድ እና የሰፕላዩ ኔጋቲቭም የግድ መገናኘት አለባቸው።

ባለ ብረት ሳጥኑ ሰፕላይ ከሆነ የገዛችሁት ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጎኑን እዩ። አንዳንዶቹ 110 እና 220 የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው። 220 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ብትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ የሚታሰሩበትን ቦታ በሽፋኑ ዝጉ፤ ልጆች ባሉበት ቤት ክፍቱን መተው አደገኛ ነው። ስትሪፑን ከማገናኘታችሁ በፊት ሰፕላዩን ብቻውን አብሩና መውጫውን በሞልቲሜትር ለኩ፤ 5 ቮልት ግድም ማሳየት አለበት።

ከመለጠፍ በፊት ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግታችሁ ሞክሩ። ሲሠራ ብቻ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በአልኮል ጠርጉና ለጥፉ። የስትሪፑ ሙጫ በቴሌቪዥኑ ሙቀት ስለሚላቀቅ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ማያዣ ጨምሩ። የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹን ግን አትሸፍኑ።

ደብሊውሌድን መጫን

ኢኤስፒ32ን ብቻውን፣ ከሰፕላዩ ነቅላችሁ፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። ክሮም ወይም ኤጅ ብራውዘር ላይ የደብሊውሌድን የድር ኢንስቶለር ክፈቱ፣ «ኢንስቶል» በሉ፣ ወደቡን ምረጡ። ወደቡ ካልታየ ከሁሉ በፊት ኬብሉን ቀይሩ፦ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያስተላልፍ ኬብል ብዙ ነው። ከዚያ ቦርዱ ላይ ላለው የዩኤስቢ ቺፕ የሲኤች340 ወይም የሲፒ2102 ድራይቨር ጫኑ። «እየተገናኘሁ ነው» ብሎ ከቆመ ቦርዱ ላይ «ቡት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ።

ሲጨርስ ደብሊውሌድ የራሱን ዋይፋይ ያወጣል። የይለፍ ቃሉ የፕሮግራሙ ስም በትንንሽ የላቲን ፊደል ከ1234 ጋር ነው። ስልካችሁን አገናኙና ብራውዘር ላይ 4.3.2.1 ብላችሁ ግቡ፤ የቤታችሁን ዋይፋይ ስጡት። ኢኤስፒ32 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርትዝን ብቻ ስለሆነ የ5 ጊጋኸርትዝ ስም ብትሰጡት አይገናኝም። እዚያው «የዋይፋይ እንቅልፍ አጥፋ» የሚለውን ምረጡ፤ መብራቱ ከምስሉ ወደ ኋላ እንዳይቀር በእጅጉ ይረዳል።

በኤልኢዲ ሴቲንግ ውስጥ፦ ዓይነቱ ደብሊውኤስ281ኤክስ፣ ብዛቱ 208፣ ጂፒአይኦ 16፣ የቀለም ቅደም ተከተል ጂአርቢ (አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ)፣ የኃይል ጣሪያ 8000። ጣሪያው ሲጫን 850 ነው፤ ሳትቀይሩ ከተዋችሁት መብራቱ ሁልጊዜ ደብዛዛ ይሆናል። «ኃይል ሲመጣ አብራ» የሚለውን አጥፉት። መብራት ሄዶ ሌሊት ሲመለስ ሳሎኑ በሙሉ እንዳይበራ ነው።

ቀይ ስታዙ አረንጓዴ ከበራ የቀለም ቅደም ተከተሉን ወደ አርጂቢ ቀይሩ።

ሃይፐሪዮን

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ሃይፐርቢያን የሚባለው የሚመረጥ ነው፤ የራስፕቤሪ ፓይ ሲስተም ሃይፐሪዮን አብሮ የተጫነበት ነው። ፋይሉን አውርዱ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር ውስጥ «ዩዝ ከስተም» ብላችሁ ምረጡት፣ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ጻፉት። ከተቻለ ፓይን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ፓይም ኢኤስፒ32ም በደካማ ዋይፋይ ሲሠሩ መቆራረጡ እጥፍ ይሆናል። የፓይን አይፒ አድራሻ ራውተሩ ላይ ፈልጉና ብራውዘር ላይ ከአድራሻው ቀጥሎ ሁለት ነጥብና 8090 ብላችሁ ግቡ።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ዓይነት «ደብሊውሌድ» አድርጉ። አንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ራሱ ያገኘዋል። ቀጥሎ አቀማመጡ፦ ላይ 68፣ ታች 68፣ ግራ 36፣ ቀኝ 36። ሃይፐሪዮን መቁጠር የሚጀምረው ከላይ ከግራ ሆኖ በሰዓት አቅጣጫ ነው፦ ላይኛው ከ0 እስከ 67፣ ቀኙ ከ68 እስከ 103፣ ታችኛው ከ104 እስከ 171፣ ግራው ከ172 እስከ 207። የእኛ ስትሪፕ የሚነሳው ከግራ ጎን ታች ስለሆነ «ኢንፑት ፖዚሽን» ላይ 172 ጻፉ። ቅድመ እይታው ላይ የመጀመሪያው አምፖል ከታች በግራ መታየት አለበት። ስትሪፑን በተቃራኒ ዞራችሁ ከለጠፋችሁ «ሪቨርስ» የሚለውን አብሩ፤ ምንም መፍታት አያስፈልግም።

ከዚያ ዩኤስቢ ካፕቸርን አብሩና ግራበሩን ምረጡ። 1080 መምረጥ ያምራል፣ ግን ትርጉም የለውም፦ 208 አምፖል ያን ያህል ዝርዝር አይጠቀምበትም፣ ፓይ ግን እሱን ሲፈታ ይጨናነቃል። 640 በ480፣ በሰከንድ 30 ምስል ይበቃል። ቀጥታ እይታው ላይ የቴሌቪዥኑ ምስል ከታየ ኬብሉ ሁሉ ልክ ነው ማለት ነው። ሪሲቨሩ ሲጠፋ መብራቱም እንዲጠፋ «ሲግናል ዲቴክሽን»ን አብሩ። አንዳንድ ግራበር ሲግናል ሲያጣ ሰማያዊ ምስል ያወጣል፤ ይህ ካልበራ ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ ያድራል።

ቀለሙን ማስተካከል

ስክሪኑ ላይ ሙሉ ነጭ ምስል አውጡ። የእነዚህ አምፖሎች ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። «ከለር ካሊብሬሽን» ውስጥ ነጩን 255፣ 220፣ 180 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩና ግድግዳው የስክሪኑን ነጭ እስኪመስል ድረስ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አንሱ አሳንሱ። ግድግዳችሁ ክሬም ቀለም ከተቀባ ሰማያዊውን ብዙ መቀነስ አያስፈልግም፤ ቀለሙ ራሱ ይቀንስላችኋል። ጋማ፣ ማለትም የጨለማና የብርሃን ደረጃ ማስተካከያው፣ ከሃይፐሪዮን በኩል ብቻ ይሁን፤ ደብሊውሌድ ላይ በቀጥታ ለሚመጣ ምስል ጋማ የሚያጠፋው ምርጫ እንደተመረጠ ይቆይ። ሁለቱም ከሠሩ ጨለም ያለ ትዕይንት ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

«ብላክ ቦርደር»ን አብሩት። ፊልም ከላይና ከታች ጥቁር ሲኖረው መብራቱ ከጥቁሩ አልፎ ምስሉን ያነባል።

ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በለስላሳ እንዲቀየር የሚያደርገው «ስሙዝንግ» ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። ለጌም ወደ 50 አውርዱት። ለዜና ጣቢያ ደግሞ የተለየ ችግር አለ፦ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ የታችኛውን አምፖል ሁሉ ያወራጨዋል። ሃይፐሪዮን ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚያነበውን ጥልቀት መጨመር ያለሰልሰዋል። ቴሌቪዥናችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን የታችኛውን ረድፍ ከነጭራሹ ባትለጥፉት ይሻላል፤ ያ ብርሃን የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሲበላሽ

የመጀመሪያው አምፖል ብቻ በርቶ የቀረው ከጠፋ ችግሩ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ዳታ ነው፤ የመጀመሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉና ከሁለተኛው በይዱ። መሃል ላይ አንድ ቦታ ጀምሮ ከጠፋ የመጨረሻው የበራው ወይም የመጀመሪያው የጠፋው አምፖል ተበላሽቷል፤ ማዕዘን ላይ ከሆነ ደግሞ ብየዳውን እዩ።

ሁሉም በዘፈቀደ የሚወራጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግራውንድ አልተገናኘም።

መብራቱ በየጥቂት ሰከንዱ ቆሞ የሚቀጥል ከሆነ ዋይፋዩ ነው። ኢኤስፒ32ን ከቴሌቪዥኑ ብረት ጀርባ አውጥታችሁ ከጠርዙ አጠገብ አድርጉት።

ስፕሊተሩን ካስገባችሁ በኋላ ፎር ኬ ቴሌቪዥኑ ወደ 1080 ከወረደ ስፕሊተሩ ግራበሩ የሚችለውን ለሁለቱም ሰጥቷል ማለት ነው። ለአንዱ መውጫ ብቻ የሚያሳንስ ስፕሊተር ግዙ። ኤችዲአር ምስል ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ከሃይፐሪዮን የወጣው ሃይፐርኤችዲአር ለዚያው የተሠራ ነው፤ ከደብሊውሌድ ጋር በተመሳሳይ ይገናኛል።

ፓይ ከመብራት መጥፋት በኋላ አልነሳ ካለ ሜሞሪ ካርዱ ሳይሆን አይቀርም፤ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይሉ ይበላሻል። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ከሃይፐሪዮን ሴቲንግ ውስጥ ኮንፊገሬሽኑን ኤክስፖርት አድርጋችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ካርዱ ሲበላሽ ሃይፐርቢያንን እንደገና ጽፋችሁ ያንኑ ፋይል ኢምፖርት ታደርጋላችሁ፤ የአምፖል ቁጥሩም ቀለሙም እንዳለ ይመለሳል።